ከአዲስ አበባ ሆኖ ለቢዝነስ ስኩል ማመልከት፦ አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይስ ናይሮቢ?

ክረምት በገባ ቁጥር ተመሳሳይ መልእክት ይደርሰኛል። «ጂፒኤዬ 3.3 ነው፣ ባንክ ውስጥ 5 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ሃርቫርድ የመግባት ዕድሌ ስንት ነው?» የሚጠበቀው መልስ ፐርሰንት ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው መልሼ የምጠይቀው። ብትገባ በምን ትከፍላለህ? ባለትዳር ነህ? ቪዛ ተከልክለህ ታውቃለህ? ስትመረቅስ የት ነው መሥራት የምትፈልገው?

ማንንም ለማስፈራራት ብዬ አይደለም። እኔ ራሴ እነዚህን ሳልጠይቅ ነው የጀመርኩት። መጀመሪያ ለኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ያመለከትኩት አራት ቦታ ነበር፣ አራቱም አሜሪካ፣ አራቱም በሁለተኛው የማመልከቻ ዙር። አንዱ ተቀበለኝ። ቤት ውስጥ እልልታ ሆነ፣ እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። ስኮላርሺፕ ግን አልነበረውም። ሦስት ወር ሙሉ ገንዘብ ሳፈላልግ ቆይቼ ቦታውን ለቀቅኩ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚባለው ለእንደዚህ ያለው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ዝርዝሬን ከሥሩ ቀየርኩ። አውሮፓ ውስጥ የአንድ ዓመት ፕሮግራም በስኮላርሺፕ ገባሁ፣ ተምሬ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው። ከውጭ ለሚያመለክት ሰው ዕድል ማለት አራት በር ነው፦ ቅበላ፣ ገንዘብ፣ ቪዛ፣ ከዚያ ደግሞ ሥራ። አማራጮችን ማወዳደር ያለባችሁ ለእናንተ በጣም በሚጠበው በር ነው። ለብዙዎቻችን ደግሞ የሚጠበው ቅበላው አይደለም።

ፐርሰንቱ ስለ እናንተ ምን ይላል?

ሃርቫርድ በዓመት ወደ 930 ተማሪ ያስገባል፣ አመልካቹ 10,000 ገደማ ነው። ስታንፎርድ ክፍሉ 430 አካባቢ ስለሆነ የበለጠ ይጠባል፣ ከ15 አመልካች አንድ እንደማለት ነው። ፈረንሳይ ፎንተንብሎ ያለው ኢንሲያድ እ.ኤ.አ. በጥርና በነሐሴ ሁለት ጊዜ እያስገባ በዓመት 1,000 ያህል ተማሪ ይቀበላል።

ጥሩ፣ አወቅን። ግን ይሄ ቁጥር ስለ ሁሉም አመልካች እንጂ ስለ እናንተ አይናገርም። ከኒውዮርክ ባንኮች የሚመጣው አመልካች ብዙ ነው፣ ከህንድ የሚመጣው ኢንጂነርም ብዙ ነው። ከኢትዮጵያ የሚያመለክተው በጣት የሚቆጠር ነው። ትምህርት ቤቶቹ ክፍሉን የተለያየ ማድረግ ስለሚፈልጉ ይሄ እንደሚጠቅም አምናለሁ። ችግሩ ሌላ ጋ ነው፦ ማመልከቻችሁን የሚያነበው ሰው መሥሪያ ቤታችሁን አያውቀውም፣ ዩኒቨርሲቲያችሁን አያውቀውም፣ ውጤታችሁ ምን ያህል ከባድ እንደነበረ አያውቅም። ከዕድላችሁ ግማሹ እነዚህን በማስረዳት ላይ ነው ያለው።

ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ውጤታችን ከ4.00 ነው የሚሰላው፣ የአሜሪካኖቹም ከ4.00 ስለሆነ አንድ ይመስለናል። አይደለም። እዚያ ብዙ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኤ እንደኛ ብርቅ አይደለም። ስድስት ኪሎ ወይም አምስት ኪሎ 3.3 ይዞ የወጣ ልጅ ከባቹ ፊት መሪ ሊሆን ይችላል፣ አንባቢው ግን መካከለኛ ተማሪ ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ውጤቱን ራሳችሁ አትቀይሩት፣ እንዳለ ጻፉት። ከዲፓርትመንት ግን ደረጃችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ ለማግኘት ሞክሩ። «ከ62 ተመራቂ 4ኛ» የምትል አንዲት መስመር ብዙ ሥራ ትሠራለች።

ሬጅስትራር ስትሄዱ ሁለት ነገር አብራችሁ ጨርሱ። አንደኛ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ የወጪ መጋራት ዕዳ ሳይዘጋ ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ማግኘት ያስቸግራል፣ ስለዚህ ማመልከቻው ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አትሂዱ። ሁለተኛ፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እንደተሰጠ የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቁ። ሃርቫርድና ስታንፎርድን ጨምሮ ብዙዎቹ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ዲግሪው ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ከሆነ ቶፈልና አይልትስ የተባሉትን የእንግሊዝኛ ፈተናዎች አይጠይቁም። ይሄን ሳያውቁ ለፈተናው ዶላር ያወጡ ሰዎች አውቃለሁ። አውሮፓ ግን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል፣ አይልትስ የሚፈልግ ብዙ ነው፣ ውጤቱም የሚያገለግለው 2 ዓመት ብቻ ነው።

ጂማት በሚባለው የቢዝነስ ስኩል መግቢያ ፈተና ላይ ደግሞ ሰው በጣም እየተሳሳተ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ፈተናው ተቀይሯል። አዲሱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው፣ 64 ጥያቄ፣ ሦስት ክፍል፣ ድርሰት የለውም። ውጤቱ ከ205 እስከ 805 ነው። «700 ማምጣት አለብህ» የሚለው ምክር የድሮው ፈተና ነው። በአዲሱ 645 ያመጣ ሰው በድሮው 700 ካመጣው ጋር በደረጃ ይቀራረባል። አንዲት የማውቃት ልጅ 655 አምጥታ «ወደቅሁ» ብላ ማመልከቻውን ልትተወው ነበር! ጂአርኢ የሚባለው ሌላው የመግቢያ ፈተናም በእኩል ዓይን ይታያል፣ ሒሳብ ካስቸገራችሁ ሁለቱንም የሙከራ ፈተና ወስዳችሁ የተሻላችሁን ምረጡ። ሁለቱም ውጤቶች 5 ዓመት ያገለግላሉ። ቤት ሆናችሁ በኦንላይን ልትፈተኑ ካሰባችሁ ግን መብራቱንና ኢንተርኔቱን አስቡ። የእኔ የመጀመሪያው ሙከራ በ40ኛው ደቂቃ መብራት ጠፍቶ ነው የተቋረጠው። ከቻላችሁ ማዕከል ሄዳችሁ ተፈተኑ።

አሁን የድጋፍ ደብዳቤ። ከሁሉም በላይ እኛን የሚጎዳን ይሄ ይመስለኛል። አለቃችሁን ስትጠይቁ የሚመጣው መልስ የታወቀ ነው፦ «ጽፈህ አምጣው፣ እፈርማለሁ።» ክፋት የለውም፣ እኛ ጋ የተለመደ ነው፣ ሰውየውም እየረዳችሁ ነው የሚመስለው። ትምህርት ቤቶቹ ግን ደብዳቤውን አመልካቹ ራሱ እንዲጽፈው አይፈቅዱም። ደግሞም ያስታውቃል። ድርሰቱንና ደብዳቤውን አንድ ሰው ከጻፋቸው አረፍተ ነገሩ ይመሳሰላል። እኔ ያደረግኩት እንዲህ ነው። አለቃዬን ምሳ ጋብዤ አንድ ሰዓት አወራን። አብረን የሠራናቸውን ሦስት ሥራዎች በአንድ ገጽ አስታወስኩት፣ ጥያቄዎቹን አሳየሁት፣ ከዚያ እሱ በራሱ ቃል ጻፈ። እንግሊዝኛው የተዋበ አልነበረም። ግን አንድ ጊዜ የወሰንኩትን ስህተት ውሳኔና እንዴት እንዳረምኩት ጽፎ ነበር፣ ኢንተርቪው ላይ የተጠየቅኩት ስለዚያ ነው። ደብዳቤውን የሚያስገቡበት ሊንክ የሚላክላቸው በኢሜይል ስለሆነ የመሥሪያ ቤት ኢሜይል እንዲጠቀሙ ለምኗቸው። ፊልድ የሚወጡ ከሆነ ቀኑን ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የሥራ ማዕረጋችንም ሲተረጎም ይቀንሳል። «ሲኒየር ኦፊሰር» ብላችሁ ብትጽፉ እዚያ ያለው አንባቢ ጀማሪ ሠራተኛ ነው የሚመስለው። ስንት ሰው በሥራችሁ እንዳለ፣ በእናንተ ፊርማ ስንት ብር ብድር እንደሚወጣ፣ ቅርንጫፉ ስንት ደንበኛ እንዳለው ጻፉ።

አሜሪካ

የሁለት ዓመት ትምህርት ነው፣ መሃል ላይ የክረምት ኢንተርንሺፕ አለው። ሙያ ሙሉ በሙሉ መቀየር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ከምህንድስና ወደ ኮንሰልቲንግ፣ ከኤንጂኦ ወደ ፋይናንስ መዝለል ከፈለጋችሁ ያቺ ክረምት ናት የምታሻግራችሁ።

ገንዘቡ ከባድ ነው። ታዋቂዎቹ ጋ ትምህርቱ ብቻ በዓመት ከ70,000 ዶላር በላይ ነው፣ መኖሪያውን ስትጨምሩ ከ100,000 ያልፋል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። ስለዚህ ቤት ሸጦ፣ ዕቁብ ሰብስቦ መማር የሚለው ሐሳብ እዚህ አይሠራም። ያለ ስኮላርሺፕ አሜሪካ የለም ብላችሁ ጀምሩ።

እዚህ ጋ ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በጣም ከባድ የሚባሉት ትምህርት ቤቶች አንዳንዴ ለእኛ ከመካከለኞቹ ይልቅ ርካሽ ናቸው። ሃርቫርድ ገንዘብ የሚሰጠው በውጤት ሳይሆን በችግር መጠን ነው፣ ከክፍሉ ግማሽ ያህሉ ያገኛል። በብር ደመወዝ የሚኖር ሰው ችግሩን ለማስረዳት ብዙ አይቸገርም። ስታንፎርድ ለአፍሪካ ዜጎች የተለየ ፌሎውሺፕ አለው፣ በዓመት እስከ 8 ሰው ይወስዳል። የትምህርቱን ክፍያ ይሸፍናል። በምትኩ ተመርቃችሁ በ2 ዓመት ውስጥ ወደ አፍሪካ ተመልሳችሁ ቢያንስ 2 ዓመት መሥራት አለባችሁ። መመለስ ለሚፈልግ ሰው ይሄ ግዴታ አይደለም፣ ስጦታ ነው። በደረጃ 40ኛ፣ 50ኛ የሆነው ትምህርት ቤት ግን ይቀበላችሁና 15,000 ዶላር ቅናሽ ሰጥቶ ቀሪውን ከእናንተ ይጠብቃል። የእኔ የመጀመሪያው ዓመት ስህተት ይሄው ነበር። «ቀላል» ብዬ የመረጥኩት በገንዘብ በኩል የማይቻል ሆነ።

ቪዛው ኤፍ-1 የሚባለው የተማሪ ቪዛ ነው። ሕጉ አመልካቹን ለመቅረት እንደሚሄድ ሰው ቆጥሮ ይጀምራል፣ አይደለሁም ብሎ ማሳመን የአመልካቹ ሥራ ነው። መስኮቱ ጋ የምትቆሙት ከሁለት ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። ሙሉ ስኮላርሺፕ ያለውና ሲመለስ ምን እንደሚሠራ በአንድ አረፍተ ነገር መናገር የሚችል ሰው የተሻለ ይቆማል። ከምረቃ በኋላ 12 ወር መሥራት ይቻላል። ፕሮግራሙ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዘርፍ ከተመደበ ሌላ 24 ወር ይጨመራል፣ ብዙ ኤምቢኤዎች አሁን እንደዚያ ተመድበዋል፣ ስታወዳድሩ ይሄን ፈልጉ። ከዚያ በኋላ ያለው ኤች-1ቢ የሚባለው የሥራ ቪዛ ግን ዕጣ ነው፣ በዓመት 85,000 ቦታ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ደግሞ ከውጭ ለሚመጣ አዲስ ሠራተኛ ቀጣሪው 100,000 ዶላር እንዲከፍል ተወስኗል። እዚያው ሆኖ ከተማሪ ቪዛ የሚቀይረውን አይመለከትም ቢባልም ቀጣሪን ያስፈራል። ዕቅዳችሁ «አሜሪካ ቀርቼ ብድሬን እከፍላለሁ» ከሆነ በዕጣ ላይ የቆመ ዕቅድ መሆኑን እወቁት።

እንግሊዝና አውሮፓ

እዚህ ፕሮግራሙ አጭር ነው። ኢንሲያድ 10 ወር ነው። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ 1 ዓመት ናቸው። ለንደን ቢዝነስ ስኩል ከ15 እስከ 21 ወር ይፈጃል። አጭር ማለት የአንድ ዓመት ደመወዝ ብቻ ማጣት ማለት ነው፣ ዕድሜያቸው ወደ 30 ለገፋ ሰዎች ደግሞ ይመቻል፣ የኢንሲያድ ተማሪ አማካይ ዕድሜ 29 አካባቢ ነው። ጉዳቱ ሩጫው ነው። ገና ሻንጣችሁን ሳትፈቱ የሥራ ፍለጋው ይጀምራል። ሙያውን ጨርሶ መቀየር የሚፈልግ ሰው እዚህ ይቸገራል፣ በያዘው መስመር አንድ ሁለት ደረጃ መዝለል የሚፈልግ ግን ያተርፋል።

ክፍያው ርካሽ አይደለም፣ የኢንሲያድ ወደ 100,000 ዩሮ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው ቼቭኒንግ አለ ትሉ ይሆናል። አለ፣ ጥሩ ስኮላርሺፕም ነው፣ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ስትጨርሱ 2 ዓመት አገራችሁ ትቆያላችሁ። ነገር ግን ለኤምቢኤ የሚከፍለው ጣሪያ አለው። ለንደን ቢዝነስ ስኩል ለመግባት ቼቭኒንግ ብቻ አይበቃም፣ ልዩነቱን የሚሞላ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይሄን የሚያውቀው ካሸነፈ በኋላ ነው። በኤምቢኤ ፋንታ በማኔጅመንት ወይም በፋይናንስ ማስተርስ ካመለከታችሁ ግን ብዙ ጊዜ ሙሉውን ይሸፍናል። በማኅበራዊ ሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ የኦክስፎርዱን ስኮል ስኮላርሺፕ እዩት።

ትዳር ያላችሁ ይሄን በደንብ አንብቡ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ እንግሊዝ ለማስተርስ የሚሄድ ተማሪ ባል፣ ሚስት ወይም ልጅ ይዞ እንዲመጣ በአብዛኛው አትፈቅድም፣ የሚፈቀደው ለምርምር ተማሪዎችና በመንግሥት ስኮላርሺፕ ለሚማሩ ነው። አሜሪካ ይዞ መሄድ ይቻላል፣ የትዳር ጓደኛ ግን መሥራት አይችልም። አንድ ጓደኛዬ ካምብሪጅ ተቀብሎት፣ የሦስት ወር ልጁን ትቶ መሄድ አልሆንልህ ብሎት ቀርቷል። ማመልከቻውን ሲጀምር ቢያውቅ ኖሮ ዓመቱን ሌላ ቦታ ያውለው ነበር። ከምረቃ በኋላ የሚሰጠው የሥራ ጊዜም 2 ዓመት የነበረው እ.ኤ.አ. ከ2027 መጀመሪያ ለሚያመለክቱ ወደ 18 ወር ይወርዳል።

ጀርመንን ሰው ይረሳታል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ በአብዛኛው ክፍያ የላቸውም፣ ምንም እንኳ ኤምቢኤ ብዙ ጊዜ ቢያስከፍልም። ዳድ የሚባለው ስኮላርሺፕ ለታዳጊ አገር ባለሙያዎች የተለየ መርሐ ግብር አለው። ቢያንስ 2 ዓመት ልምድ ይፈልጋል፣ የመጨረሻው ዲግሪ ከ6 ዓመት በላይ ያለፈው መሆን የለበትም። በዚህ ውስጥ ላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሴፕት የተባለ ኤምቢኤ በትናንሽ ድርጅቶች ላይ ያተኩራል። ስሙ ሲጠራ እንደ ሃርቫርድ አያስደነግጥም። ለእኛ አገር ሥራ ግን እጅግ የሚገባ ትምህርት ነው። ከምረቃ በኋላ 18 ወር ሥራ መፈለግ ይቻላል፣ ጀርመንኛ ግን መማር አለባችሁ።

ናይሮቢ፣ ጆሃንስበርግ፣ ኬፕታውን

ይሄን አማራጭ ስናገር ፊት የሚቋጠርብኝ ብዙ ነው። «አፍሪካ ለመማር ምን አስኬደኝ?» ይሉኛል። እኔ ግን ተመልሶ አዲስ አበባ መሥራት ለሚፈልግ ሰው በቁም ነገር መታየት አለበት እላለሁ። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ቢዝነስ ስኩልና ስቴለንቦሽ በዓለም ላይ የታወቁት ሦስቱም የጥራት ዕውቅናዎች አሏቸው። ጆሃንስበርግ ያለው ጊብስም ስም አለው። ናይሮቢ ስትራትሞር አለ። ክፍያቸው ከአሜሪካኖቹ ጋር ለንጽጽር አይቀርብም። አንዳንዶቹ በየተወሰነ ጊዜ ለአንድ ሳምንት ሄዳችሁ የምትማሩበት ስለሆነ ሥራ መልቀቅ አያስፈልግም።

ሳፋሪኮም 2015 ዓ.ም. እዚህ ሥራ ጀምሯል። ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሕግ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። እነዚህ ድርጅቶች ሲመጡ ናይሮቢንና ጆሃንስበርግን የሚያውቅ፣ እዚያ የክፍል ጓደኛ ያለው ሰው ይፈልጋሉ። ቅበላው ሰፊ ነው፣ የናይሮቢው ቪዛ ቀላል ነው፣ ሥራው እዚሁ ነው። የሚጎድለው ስኮላርሺፕ ነው፣ እሱም ከመሥሪያ ቤት ጋር በመነጋገር የሚገኝበት ጊዜ አለ። ወደ ውጭ መውጣት ራሱ ዓላማችሁ ከሆነ ግን ይሄ መንገድ አያረካችሁም፣ ለራሳችሁ እውነቱን ተናገሩ።

ዝርዝር ስታወጡ

በሊንክድኢን ላይ የትምህርት ቤቱን ስም ከአዲስ አበባ፣ ከጅማ ወይም ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ጋር አድርጋችሁ ፈልጉ። ባለፉት ዓመታት ስንት የእኛ ሰው ገብቷል? ሲገባ ምን ይሠራ ነበር? ሦስት ሰው ጻፉላቸው። አንዱ ይመልሳል። «ገንዘቡን እንዴት ከፈልከው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ በትህትና ከተጠየቀ የሚደብቅ አላጋጠመኝም።

ዙሩም ዕድልን ይለውጣል። የመጀመሪያው ዙር ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ይዘጋል፣ ሁለተኛው ገና ሰሞን። ስኮላርሺፕ ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያው ይሻላል፣ ገንዘቡ ገና አልተከፋፈለም። ሦስተኛውን ዙር ከውጭ ሆናችሁ እርሱት፣ ቢቀበሏችሁ እንኳ ለቪዛ ጊዜ አይበቃም። የማመልከቻ ክፍያ ለሃርቫርድ 250 ዶላር፣ ለስታንፎርድ 275 ነው፣ ብዙዎቹ ግን አቅም ለሌለው ይተዋሉ። ጠይቁ። አራት ኢሜይል ጽፌ ሦስቱ ትተውልኛል።

እኔ ብሆን ዛሬ አምስት ቦታ ነው የማመለክተው። ሁለቱ ሙሉ ገንዘብ መስጠት የሚችሉ ከባዶቹ፣ ሁለቱ የአንድ ዓመት የአውሮፓ ፕሮግራም ከየራሳቸው ስኮላርሺፕ ጋር፣ አንዱ ያለ ማንም እርዳታ በራሴ ደመወዝ ልከፍለው የምችለው። አምስተኛው የሌለው ዝርዝር ምኞት ነው የሚመስለኝ።

ደብዳቤው ሲመጣ ደግሞ አትቸኩሉ። ቦታ ለመያዝ የሚጠየቀው ቅድሚያ ክፍያ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው የሚሰጠው፣ እዚህ ደግሞ ባንክ የውጭ ምንዛሪ እስኪፈቅድ ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ይሄንኑ ጻፉላቸው። የባንኩን የመቀበያ ወረቀት አያይዤ ስጽፍ ተጨማሪ ስድስት ሳምንት ሰጥተውኛል። በዚያው ኢሜይል ከሌላ ትምህርት ቤት ያገኘሁትን የስኮላርሺፕ መጠን ጠቅሼ መጨመር ይችሉ እንደሆነ ጠየቅኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጨመሩልኝ።